የተጠራች

ሦስተኛ እጇ ነኝ። ከሸምሱ ገዛኋት፣ ኮቺ፣ ከገበያው ማዶ፣
ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሰማዩ ከሰል ለብሶ፣ መንገዱ ጭቃ ወልዶ።
«እንደ ሰዓት ናት» አለኝ።
አልዋሸም፤
ታይሚንግ ካቴናዋ ላልቶ፣ ከሆዷ ጓዳ
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች፣
ቆጥራ የማትጨርሰው እንዳለባት ዕዳ።

ነዚፍ፣ ከአጂፕ ዝቅ ብሎ፣ ካረጀ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣
ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጫቱን በጉንጩ አቁሞ፣ አድምጦ አድምጦ፣
«ይቺን ሞዴል አውቃታለሁ፤ እህቶቿን የከፈትኩ እኔ፣
አሥር ብትደረድር አሥሩም አንድ አመል ነው፣ አይቻለሁ በዓይኔ፤
ዝናብ ጠብ ካለባት ካንዴላዋ ያኮርፋል፣
የፊት ፎርሴላዋ ዘይት ያለቅሳል፣
የፍሪሲዮን ካቦዋ ሜዳውን ታግሦ ጅሬን ዳገት ላይ ይበጠሳል፤
ባትሪዋ ሌሊቱን ለማን እንደሚያበላ፣ አላህ ነው የሚያውቅ።
ትሄዳለች ግን።
በሽታዋ ብዙ ነው፤ ሞቷ ሩቅ።»

አመሏን ለመድኩ።
ትርፍ ካንዴላ ከቁልፌ ጋር አሰርኩ።
አዌቱ ድልድይ ላይ፣ ዶፉ ሲወርድብን፣
ወርጄ፣ ነቅዬ፣ በሸሚዜ ጫፍ ሳደርቃት፣
ከኋላዬ የነበረች መምህርት ዘቢባ
ጃንጥላዋን ዘረጋች፣
ለእኔ አይደለም፣ ለሞተሩ ጥላ፤
«ዛሬም ታመመች?»
«አኮረፈች እንጂ።»
«ታዲያ ቶሎ አስታርቃት፣ ሁለት ሰዓት ሞላ!»

ጥቅምት ላይ ነው፤ ፊውዝ ልቀይር ኮርቻዋን ስፈታ፣
ከስፖንጁ ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለ፣
አራት የታጠፈ፣ ዘይት የጠጣ ወረቀት።
ማኅተም አለው።
«ለክቡር ደንበኛችን» ይላል፣
«ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር የተሠሩት
የመሪያቸው አንገት ብየዳ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣
ያለ ምንም ክፍያ እንድንጠግንልዎ
አዲስ አበባ ድረስ ይዘው ይቅረቡ።»
ቀኑ አራት ዓመት አልፎታል።

ሻንሲዋን በላምባ አጠብኩ።
ቁጥሩን እንደ ዓይነ ስውር በጣቴ አነበብኩ።
ከመሀል ነች።
አራት ዓመት ሙሉ ስሟ ተጠርቶ
አቤት ያላለች።

ሸምሱ አልካደም።
«አዲስ አበባ በምን ላድርሳት? መጫኛው የእሷን ግማሽ ዋጋ፤
እየነዳሁ እንዳልሄድ፣ በዚያ አንገት፣ ጊቤን ወርዶ መውጣት፣
ስንጥቁን ላሳይ ብዬ ስንጥቁ ላይ መሞት?
ደወልኩ። ‹ጅማ ስንመጣ› አሉኝ።
እስካሁን እየመጡ ነው።»
ዝም አለ። የበሩን ቀለም በጥፍሩ ፋቀ።
«ጉድጓድ ሳይ ግን፣ ወላሂ፣ ቀስ እል ነበር።»

ነዚፍ መሪዋን ፈታ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፤
አለች። ፀጉር የምታህል፣ ዝገት የተኳለች መስመር።
በየዳት። መነጽሩን አነሣ።
«ይዟል» አለ፣ «አምናለሁ።
ማል ካልከኝ ግን አልምልም።»

ዛሬ ከሰቃ አንድ ልጅ መጣ፣ አብዱልፈታ ይባላል፣
ብሩን በሶስት ኪስ ከፋፍሎ ይዟል፣
ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገና
«አመሏ እንዴት ነው?» አለኝ።
«እንደ ሰ…» አለ አፌ፣ ቀድሞኝ።
ዋጥኩት።
ኮርቻዋን ፈታሁ፤ ወረቀቱን ከነዘይቱ ዘርግቼ ሰጠሁት።
ቆሞ አነበበ፣ ከንፈሩ ከፊደሉ ኋላ እየደረሰ።
ተንበርክኮ ብየዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።
ከተስማማንበት ስድስት ሺህ ቀነሰ።

እሺ አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።
ወረቀቱን መልሼ ከኮርቻው ሥር ላስቀምጥ ስል
«አይ፣ ስጠኝ» ብሎ ደረት ኪሱ ከተተው።
ማካፋት ጀምሯል።
ረገጣት፤ ዝም። ደግሞ ረገጣት፤ ዝም።
ካንዴላዋን ከቁልፌ ፈትቼ
መረቅኩለት።